ውሃን የምንመረምርበት ላብ ውሃን እንዳይበክል

 

በዛሬው ትምህርታችን የምናየው በየሳምንቱ ነጭ ጋዋን ለብሰን የምንገባበትን ላብራቶሪ ነው። የሳይንስ፣ የግብርና ወይም የኢንጂነሪንግ ተማሪ ያልሆናችሁም አትለፉት፤ ከላብ የሚወጣው ፈሳሽ የሚደርሰው ለሁላችንም ነውና። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ለሰው ጥቅም ብለን የምንሠራው ምርምር ሰውን እንዳይጎዳ ምን እናድርግ?

1. ሲንኩ መጨረሻ አይደለም

ሲንክ ውስጥ የተደፋ ፈሳሽ ከዓይናችን ይጠፋል እንጂ ከምድር አይጠፋም። ያለንበትን አካባቢ እንመልከት። ሁሉቃ ወንዝ ከደንዲ ተራራ ወገን ተነስቶ አምቦ ከተማን ያቋርጣል፤ ውሃው ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል። በወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥብ፣ ከብት የሚያጠጣ፣ አትክልት የሚያለማ ሰው አለ። ይህ ሰው በላብ ውስጥ ምን እንደተሠራ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። ስለዚህ ጥንቃቄው ሙሉ በሙሉ የወደቀው ኬሚካሉን በያዘው እጅ ላይ ነው። አማና ማለትም ይኸው ነው፦ ባለቤቱ በማያይበት ቦታ የሚጠበቅ አደራ።

ኪታብ ስንቀራ የጦሃራ ባብ ላይ ሰዎች በሚጠቀሙበት የውሃ ዳር፣ በሚሄዱበት መንገድና በሚያርፉበት ጥላ ሥር መጸዳዳት የተከለከለ መሆኑን ተምረናል። የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የጋራ የሆነን ነገር ማበላሸት ብዙ ሰው ያስቸግራል። የዚያ ዓይነቱ ቆሻሻ ግን ከጊዜ በኋላ ይበሰብሳል። ሜርኩሪና ክሮሚየም አይበሰብሱም። ከደለሉ ጋር ይቀመጣሉ፤ ሜርኩሪ ደግሞ ወደ ዓሣና ዓሣውን ወደሚበላው ሰው ይሻገራል።

2. አንድ ሙከራ በቁጥር

የውሃን ብክለት ለመለካት በብዛት ከሚሠሩት ሙከራዎች አንዱ ሲ.ኦ.ዲ. ይባላል። በውሃው ውስጥ ያለውን ብክለት በኬሚካል ለማቃጠል ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ሙከራ ነው። በተለመደው የማፍላት ዘዴ ለአንድ ናሙና 50 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 25 ሚሊ ሊትር የፖታሲየም ዳይክሮሜት ፈሳሽ፣ 75 ሚሊ ሊትር ብር የተጨመረበት ሰልፈሪክ አሲድና 1 ግራም ሜርኩሪ ሰልፌት ይገባል። ሜርኩሪው የሚጨመረው በውሃው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ውጤቱን እንዳያዛባ ነው።

አሁን እናስላ። በ1 ግራም ሜርኩሪ ሰልፌት ውስጥ ወደ 0.68 ግራም የሚጠጋ ንጹሕ ሜርኩሪ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 0.006 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ የአንድ ናሙና ሜርኩሪ ብቻውን ወደዚህ መጠን እንዲወርድ ከ110,000 ሊትር በላይ ውሃ ይፈልጋል፤ 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 11 ጊዜ ተመላልሶ ማለት ነው። አንድ ክፍል በ10 ቡድን ተከፍሎ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ናሙናና አንድ ማነጻጸሪያ ቢሠራ 3 ሊትር መርዛማ ፈሳሽ ይወጣል። የውሃን ንጽሕና ለማወቅ የተሠራ ሙከራ ውሃን የሚበክለው እንዲህ ነው።

መፍትሔው ሙከራውን መተው አይደለም፤ ማሳነስ ነው። ይኸው ሲ.ኦ.ዲ. በተዘጋ ትንሽ ቱቦ ውስጥ በ150 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ሲሠራ የሚያስፈልገው 2.5 ሚሊ ሊትር ናሙና ነው፤ ጠቅላላ ፈሳሹም 7.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል። ከቀድሞው 150 ሚሊ ሊትር ጋር ሲነጻጸር 20 ጊዜ ያንሳል፤ ሜርኩሪውም በዚያው ልክ ያንሳል። የክፍሉ 3 ሊትር ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። እርግጥ ማሞቂያ መሣሪያ መግዛት ይጠይቃል፤ ናሙናው ትንሽ ስለሆነም ዝቃጭ ያለበትን ውሃ በደንብ ሳያማስሉ መቅዳት ውጤቱን ያዛባል። ግን የሚገዛው ኬሚካልም፣ የሚከማቸው ቆሻሻም ስለሚቀንስ ወጪው ከንቱ አይቀርም።

ለግብርና ተማሪዎችም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። ከጊንጪ ሜዳ የመጣ ጥቁር አፈር ምን ያህል ኦርጋኒክ ካርቦን እንዳለው ለማወቅ የዎክሊ-ብላክ ዘዴ እንጠቀማለን። ለ1 ግራም አፈር 10 ሚሊ ሊትር ዳይክሮሜትና 20 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ ይገባል። በዚህ ውስጥ 0.17 ግራም ያህል ክሮሚየም አለ። የመጠጥ ውሃ መጠኑ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ስለሆነ የአንድ ናሙና ክሮሚየም ወደ 3,500 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ለአንድ የመመረቂያ ጥናት 60 ናሙና የሚሠራ ተማሪ ቀሪውን ያባዛው።

3. ንጹሕ ሆኖ የሚፈሰው ውሃ

ብክነት መርዝ ብቻ አይደለም። ዲስቲልድ ውሃ የሚሠራውን ማሽን ተመልከቱ። ውሃውን አፍልቶ እንፋሎቱን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ወደ 2,260 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል፤ ይህን ሙቀት መልሶ የሚቀበለው ማቀዝቀዣው ውሃ ነው። ማቀዝቀዣው በ50 ዲግሪ ሞቆ ቢወጣ እንኳ ለአንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ 11 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ቧንቧው ከልክ በላይ ከተከፈተ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አንድ ሙድ በሁለት እጅ የሚታፈስ እፍኝ ያህል፣ በግምት 0.7 ሊትር ነው። እንግዲህ አንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ስንሠራ የሚፈሰው ውሃ ለ15 ሰው ውዱእ ይበቃል። ኢስራፍ በምግብና በልብስ ብቻ የሚታይ አይደለም።

ይህ ውሃ ከኬሚካል ጋር አይነካካም፤ ሞቀ እንጂ አልቆሸሸም። በበርሜል ቢጠራቀም ለወለል፣ ለዕቃ የመጀመሪያ እጥበትና ለግቢው ችግኞች ይሆናል። በትንሽ ፓምፕ እየተመላለሰ መልሶ እንዲያቀዘቅዝ ማድረግም ይቻላል። ይህን መሥራት ለሜካኒካልና ለኤሌክትሪካል ተማሪዎች ጥሩ ፕሮጀክት ነው።

4. ሕጉና ሳይንሱ ምን ይላሉ?

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሁሉም ሰው መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ደግሞ ዝርዝሩን ይዘዋል። በሳይንሱ በኩል ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ኬሚስትሪን 12 መርሆች አውጥተዋል። የመጀመሪያው መርህ ቆሻሻን ከተፈጠረ በኋላ ከማጽዳት ይልቅ መጀመሪያውኑ እንዳይፈጠር ማድረግ ይበልጣል የሚል ነው።

5. እኛ ምን እንሥራ?

ከላብ በፊት፦ የሚያስፈልገንን መጠን አስልተን እንግባ። 100 ሚሊ ሊትር ለሚበቃ ሥራ አንድ ሊትር አንበጥብጥ። የታይትሬሽን ልምምድ ብቻ ከሆነ ዓላማው፣ በኮምጣጤ መለማመድ ይቻላል።

በላብ ጊዜ፦ ሜርኩሪ ያለበት፣ ክሮሚየም ያለበትና እንደ አሴቶን ያለ ፈሳሽ እያንዳንዱ የራሱ የተለየ ዕቃ ይኑረው። በላዩ ላይ ስሙ፣ ቀኑና የቡድኑ መለያ ይጻፍበት። ቢከሩ መጀመሪያ የታጠበበት ውሃም ወደዚያው ዕቃ ይግባ እንጂ ወደ ሲንክ አይሂድ። የማናውቃቸውን ፈሳሾች በፍጹም አንቀላቅል።

ከላብ በኋላ፦ የዎክሊ-ብላክ ቀሪ በላብ ቴክኒሻን ክትትል በኖራ ቀስ በቀስ አሲዱ ሲጠፋ ክሮሚየሙ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ ተጣርቶ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይቀመጣል። ይህን ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ኃይለኛ ሙቀት ይፈጥራል። ሜርኩሪ ያለበት ግን ከዚህ ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ተዘግቶ ይቆይ።

በፕሮፖዛል ጊዜ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ስናቀርብ ምን ያህል ቆሻሻ እንደሚወጣና የት እንደሚቀመጥ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ እንጨምር። በጀቱ ውስጥም የማስቀመጫ ዕቃ ዋጋ ይግባ። ለኬሚካል መግዣ ታስቦ ለቀሪው ካልታሰበ ዕቅዱ ግማሽ ነው።

“ተማሪ ምን ሥልጣን አለው? መምህሩ ቅር ቢለውስ?” የሚል ይኖራል። በአደብ የቀረበ ጥያቄ መድፈር አይደለም። “መምህር፣ ይህን የት እናጠራቅመው?” ማለት ማንንም አይከስም፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ሳይነሳ የሚቀረው የሚጠይቅ ስለሚጠፋ ነው። ቦታ ከሌለም ሁለት ጀሪካንና አንድ ማርከር ይዞ መምጣት ከተማሪ አቅም በላይ አይሆንም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በዚህ ሴሚስተር ከሠራችኋቸው ሙከራዎች ብዙ ቀሪ ያወጣው የትኛው ነው? መጠኑን አስሉት።
ለ. ያ ሙከራ ትምህርቱ ሳይጎድል በግማሽ ሊያንስ ይችላል?
ሐ. በዶርማችሁና በውዱእ ቦታችን በአንድ ቀን የሚፈሰውን ውሃ እንዴት መለካት ይቻላል?

መልሶቻችሁን ይዛችሁ ለሐለቃው ኑ። አላህ የምንማረውን ዕውቀት ለእኛም ለጎረቤቶቻችንም የሚጠቅም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።