የኮምፒውተር ጎተራና ፊደሉ

እኛ ፊደል የቆጠርነው ለማንበብና ለመጻፍ ነው። ኮምፒውተር ግን ፊደልን ለሌላም ሥራ ያውለዋል። ጽሑፍና ፎቶግራፍ የሚያኖርባቸውን ጎተራዎች የሚለየው በፊደል ነው። ፊደሎቹ የእኛ ሀ ሁ አይደሉም። የፈረንጆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ናቸው፤ ቁጥራቸውም 26 ብቻ ነው። ይህ የፊደል አሰጣጥ አንዳንድ ጊዜ ይዛባል። ያን ጊዜ ምን እንደምናደርግ ካላወቅን፣ ብዙ ዓመት የተጠራቀመ ነገር በአንድ ጣት ንክኪ ይጠፋል።

በብዙ ቤት ያለው ኮምፒውተር የሚሠራው ዊንዶውስ በሚባል ሥርዓት ነው። ዊንዶውስ የራሱን የውስጥ ጎተራ ሲ ብሎ ይጠራዋል። ለምን ከኤ አልጀመረም? አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያወጣ፣ ጽሑፍ የሚቀመጠው ፍሎፒ በሚባል ስስ ዲስክ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ለሁለት ፍሎፒ ቦታ ነበረው። አንደኛው ኤ፣ ሁለተኛው ቢ ተባለ። በ1983 ኩባንያው በውስጡ ሃርድ ዲስክ የተገጠመለትን ኮምፒውተር ሲያመጣ፣ ለሃርድ ዲስኩ ሲ ደረሰው። ዛሬ ፍሎፒ የሚጠቀም ሰው ጥቂት ነው። ፊደሎቹ ግን በድግስ ቤት እንደ ቀረ ሽማግሌ ወንበር ተጠብቀው ይኖራሉ።

አሁን ከውጭ ወደሚሰካው እንምጣ። ልጅ ከከተማ ሲመጣ በኪሱ ፍላሽ ይዞ ይመጣል እንበል። የሠርግ ፎቶግራፍ አለበት፣ የሞቱ አባት ድምፅ አለበት፣ የእድር ሒሳብም አለበት። ሲሰካ ዊንዶውስ ያልተያዘ ፊደል ፈልጎ ይሰጠዋል። ዲ ከተያዘ ኢ፣ ኢም ከተያዘ ኤፍ ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሰጠውን ያስታውሳል። ነገር ግን ፊደሉን ሌላ ዕቃ ቀድሞ ይዞት ከተገኘ፣ የኛው ፍላሽ ሌላ ፊደል ይደርሰዋል። ትናንት ኢ የነበረው ዛሬ ኤፍ ሆኖ ይመጣል። ፎቶግራፉ አልጠፋም። ከኢ ፈልገህ አምጣ ተብሎ የታዘዘ ፕሮግራም ግን «የለም» ይላል።

አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ፊደል ሳይሰጠው ይቀራል። ይሰካል፣ መብራቱ ይበራል፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ግን አይታይም። ያን ጊዜ መጀመሪያ ገመዱን እንይ፤ ሌላ መሰኪያም እንሞክር። ይህ ካልረዳ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለውን መዝገብ እንክፈት። ከስክሪኑ ግርጌ ባለው ስታርት በተባለው ምልክት ላይ የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ስንጫን ስሙ ይወጣል። እዚያ ፊደል ያለውም የሌለውም ጎተራ ይታያል። የእኛን በመጠኑ እንለየዋለን። 32 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛ ፍላሽ እዚያ 29 ገደማ ተብሎ ይጻፋል፤ የአቆጣጠር ልዩነት ስለሆነ ነጋዴው አጎደለብኝ ብለን አንጣላ።

«ሄልዚ»፣ ማለትም ጤነኛ፣ የሚል ተጽፎበት ፊደል ከሌለው፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የፊደል ብቻ ነው። በላዩ ላይ የቀኙን ቁልፍ ተጭነን «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ» የሚለውን እንመርጣለን። ፊደል ለውጥ ማለት ነው። ፊደል ከሌለው «አድ»፣ ካለው «ቼንጅ» ብለን፣ ፊደሉን መርጠን «ኦኬ» እንላለን። እኛ የምንመርጠው ራቅ ያሉትን፣ እንደ ፒና አር ያሉትን ነው። አዲስ መጥ ዕቃ የሚሻማው በመጀመሪያዎቹ ነውና። ሲን ግን አንነካም፤ ዊንዶውስ ራሱ የተቀመጠበት ነው።

ፊደል መለወጥ በጎተራ በር ላይ ያለውን ምልክት እንደ መለወጥ ነው፤ እህሉን አይነካም። ፎርማት ግን ጎተራውን ባዶ ነው ብሎ ለአዲስ እህል ማዘጋጀት ነው። ክፋቱ ዊንዶውስ ራሱ መጠየቁ ነው። ፍላሹ እንደ ተሰካ «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት፤ ላድርገው?» ይላል። ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም እሺ ይላል። እኛ «ካንስል» እንላለን። ዊንዶውስ ይህን የሚጠይቀው በውስጡ ያለውን ማንበብ ሲያቅተው ነው እንጂ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ አይደለም። ምናልባት ዲስኩ የተዘጋጀው በአፕል ኮምፒውተር ይሆናል፤ እዚያ ሲሰካ ደህና ይነበባል። ምናልባትም ተጎድቷል፤ ያን ጊዜ ለባለሙያ መስጠት ነው። ዲስክ ማኔጅመንት «ኢኒሻላይዝ» ላድርግ ብሎ ቢጠይቅም መልሳችን ያው ነው።

ሳያውቅ እሺ ያለ ሰው በቤቱ ካለ፣ ሥራውን እዚያው ያቁም፣ ዕቃውን ይንቀል፣ ምንም ነገር አይጻፍበት። አዲስ ነገር ካልተጻፈበት ባለሙያ አንዳንድ ጊዜ የቀድሞውን ሊያወጣው ይችላል።