የተቅማጥ ፈጣን ምርመራ፦ ውጤቱ ይጠበቃል፣ ውሃው ግን አይጠብቅም



በዛሬው የጤና ዓምዳችን ስለ ተቅማጥ ምርመራ እንወያያለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሐዋሳ መድኃኒት ቤት ስሠራ ያጋጠመኝን ላስቀድም። ክረምት ነበር። አንዲት እናት የአንድ ዓመት ልጇን ታቅፋ ገባች። «ሰገራውን ለምርመራ ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱን ለከሰዓት ቀጥረውኛል። ምርመራውን እንዳላበላሽ ብዬ እስካሁን ምንም አልሰጠሁትም» አለችኝ። የልጁ ዓይኖች ጎድጉደዋል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። ወዲያው ኦአርኤስ በጥብጠን በማንኪያ እየሰጠነው ወደ ጤና ጣቢያ ሸኘናቸው። አልሐምዱሊላህ ልጁ ተረፈ። ከሰዓት የመጣው ውጤት ግን «ምንም አልተገኘም» የሚል ነበር።

ይህች እናት ልጇን ችላ አላለችም፤ የምርመራውን ጥቅም በትክክል የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ፈጣን ምርመራ ምንድን ነው?

ተቅማጥ የሚያመጡት ጀርሞች ብዙ ናቸው። በሕፃናት ላይ የሚበረታው ሮታ ቫይረስ፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ፣ እንዲሁም አሜባ፣ ጃርዲያና የኮሌራ ባክቴሪያ ጥቂቶቹ ናቸው። በአብዛኛው የምናውቀው ምርመራ ሰገራን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ማይክሮስኮፕ ጃርዲያንና የአንጀት ትላትሎችን ያሳያል፤ ሮታ ቫይረስን ግን አያሳይም። በሽታ አምጪውን አሜባ ከማይጎዳው መሳዩ ለመለየትም ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ስለዚህ «አሜባ አለብህ» የተባለ ሁሉ የአሜባ በሽተኛ ላይሆን ይችላል።

ፈጣን ምርመራ ደግሞ የእርግዝና መመርመሪያን ወይም የኮቪድ ፈጣን ምርመራን የመሰለ ቀጭን ወረቀት ነው። ከሰገራው የተዘጋጀው ናሙና በወረቀቱ ላይ ሲሄድ የሚፈለገው ጀርም ካለ መስመር ይወጣል። የኮሌራው ምርመራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውጤት ይሰጣል። ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ ሌላ መስመርም አለ፤ እርሱ ካልወጣ ምርመራው ይደገማል። ለሮታ ቫይረስና ለሌሎች አንዳንድ ጀርሞችም ተመሳሳይ መመርመሪያዎች አሉ።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በኦሮሚያ ክልል ባሌ ዞን የታየው የኮሌራ ወረርሽኝ በቀጣዩ ዓመት ሲዳማን ጨምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት «ይህ ተራ ተቅማጥ ነው ወይስ ኮሌራ?» የሚለው ነው። የባክቴሪያ ካልቸር ምርመራ ቀናት ይፈጃል። ፈጣኑ ምርመራ ግን ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታም ቢሆን በዚያው ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የውሃ ማከም፣ የክትባትና የሕክምና ማዕከል ሥራም ቶሎ ይጀመራል። ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ኅብረት በ2016 ዓ.ም. ከ1.2 ሚሊዮን በላይ የኮሌራ ፈጣን መመርመሪያ ለ14 አገሮች ማከፋፈል ሲጀምር ኢትዮጵያም ከተቀባዮቹ አንዷ ነበረች።

ሆኖም ፈጣን ምርመራ ሊሳሳት ይችላል። በመሆኑም ፖዘቲቭ የሆነ ናሙና በካልቸር ወይም በፒሲአር እንዲረጋገጥ ይደረጋል። የአንድ ሰው ኔጌቲቭ ውጤትም ሰፈሩ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የኮሌራው ምርመራ የሚፈልገው ኮሌራን ብቻ ስለሆነ «የለም» ሲል «በሽታ የለም» ማለቱ አይደለም።

ውጤት ሳንጠብቅ ምን እናድርግ?

ውድ እናቶችና አባቶች! በተቅማጥ የሚሞት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ከሰውነቱ ፈሳሽና ጨው በማለቁ ነው። ጀርሙ ማንም ይሁን ማን የመጀመሪያው ሕክምና አንድ ነው።

1ኛ. አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በዝግታ ቀጥሉ። ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ በጥብጡ።

2ኛ. የጡት ወተትና ምግብ አታቋርጡ።

3ኛ. ለሕፃናት የሚሰጠውን የዚንክ እንክብል ልጁ ቢሻለውም ከ10 እስከ 14 ቀን አስጨርሱ።

4ኛ. ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት በራሳችሁ አንቲባዮቲክ አትጀምሩ፤ ጀርሙን ሊደብቀው ይችላል። ኦአርኤስና ጡት ግን ምርመራውን አያበላሹም።

መድኃኒት ቤት መጥተው «ለተቅማጥ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» ለሚሉ ወገኖቼ የምለው ይህንኑ ነው። አንቲባዮቲክ ሮታ ቫይረስን አይገድልም። ለልጆች ከሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው ክትባት ነው።

ወደ ጤና ተቋም የሚያስሮጡ ምልክቶች

ሰገራው የሩዝ ውሃ መስሎ ከበዛ፣ ደም ከታየበት፣ ታማሚው መጠጣት ካቃተው ወይም ያገኘውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከደከመ፣ በመንገድም ኦአርኤስ እየሰጣችሁ ውሰዱት። ይህ በረመዳን ቢያጋጥም «እስከ መግሪብ ልታገሥ» አይባልም፤ ለታማሚ ሸሪዓው ጾም እንዲያፈርስ ፈቅዶለታል፤ ሲሻለው ቀዷ ያወጣል። በአንድ ሰፈር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ለኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በነፃ የስልክ መስመር 8335 አሳውቁ።

ለጥንቃቄም ከኢስቲንጃ በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ውሃ ብቻውን አይበቃም። ሰደቃና ሰርግ ላይ ምግቡ ትኩስ ይሁን፤ የመጠጥ ውሃ ይፈላ ወይም በክሎሪን ይታከም። አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ ስንበላም ጥሬውን ትተን በደንብ የበሰለውን እንምረጥ።

ምርመራውን አድርጉ፤ ውጤቱንም ጠብቁ። ስትጠብቁ ግን ኩባያው ከእጃችሁ አይለይ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።