ከተማ የገባው አርብቶ አደርና የደም ብዛት

እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። ስለ ደም ብዛት እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት ወደ ነገሌ ቦረና በሄድሁ ጊዜ ያጋጠመኝ ነገር ነው። አጎቴ ከብቶቻቸው በድርቁ ካለቁባቸው በኋላ ከተማ ገብተው በዘበኝነት ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የደማቸው ግፊት እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በስድሳ ዓመት ዕድሜያቸው ሲለኩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ዘመድ ሁሉ «ወተት ጠጥቶ ያደገ፣ ውፍረት የማያውቅ ሰው እንዴት ይህ ያገኘዋል?» እያለ ይገረም ነበር። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

ጥያቄው ከእኛ በፊት ተጠይቋል። ጆርጅ ማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በታንጋኒካ 400 የማሳይ ወንዶችን መርምሮ ውጤቱን በ1964 እ.ኤ.አ. አወጣ። ማሳዮች እንደ ቦረናዎች ወተትና ሥጋ ተመጋቢዎች ናቸው፤ በጊዜው በነበረው ትምህርትም የእንስሳ ስብ የልብን የደም ሥር ይደፍናል ይባል ነበር። ነገር ግን በማሳዮቹ ደም ውስጥ ኮሌስትሮል አነስተኛ፣ የደማቸው ግፊት ዝቅተኛ፣ የልብ በሽታቸውም እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ የ50 ሟቾችን ልብና የደም ሥር መርምረው ሌላ ነገር አዩ፤ ይኸውም ስቡ እንደ አሜሪካውያኑ ሁሉ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ዳሩ ግን የደም ሥሩ ራሱ ሰፊ ስለ ሆነ ደሙ መተላለፊያ አላጣም። ምክንያቱም የዕለት ተዕለት የአካል ብርታታቸው ሳይሆን አይቀርም አሉ። በዱብሉቅ የኤላ ውሃ ሲቀዳ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ወጣቶች ከጥልቁ ጉድጓድ እስከ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ለከብቱ የሚሆነውን ውሃ በእጅ ያቀባብላሉ።

ከዚህ ይበልጥ ለእኛ የሚቀርበው በ2020 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ አድቫንስስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ነው። በሰሜን ኬንያ የቱርካና ተወላጆች ከሆኑት ከ1,200 በላይ ሰዎች ተመርምረው በአኗኗራቸው በሦስት ተከፈሉ።

1ኛ፤ ከብቱን ተከትለው የሚኖሩት በጠቅላላው ጤነኞች ነበሩ።
2ኛ፤ ከብት ርባታን ትተው በገጠር ከሰል በማክሰልና በጥቃቅን ንግድ የሚኖሩት ከነዚያ ብዙ አልተለዩም።
3ኛ፤ ከተማ የገቡት ግን የደም ግፊታቸውም የሰውነት ስባቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የልጅነት ዘመናቸውን በከተማ ያሳለፉትም የባሰባቸው ሆኑ።

እንግዲህ ጉዳቱ የሚመጣው ከብት በማጣት ብቻ አይደለም፤ በከብቱ ምትክ ከተማው ከሚሰጠው ኑሮ ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ስለ ከሸፉ በነገሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ እንደ አጎቴ ያለ ሰው ብዙ ነው። ምን እንደሚበላም እናውቃለን፤ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የሚረጋ ዘይት፤ ከዚያም ቁጭ ብሎ መዋል ነው። የማይሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም ውስጥ እንደሚገባው አይወስድም፤ የበዛ ጨው ውሃን በሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ ግፊት የበዛበት የደም ሥር ይደድራል፤ በመጨረሻም በአንጎል ውስጥ ይደፈናል ወይም ይፈነዳል።

ነገሩ የቆላው ብቻ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ውስጥ ከመቶው 16 ያህሉ የደም ብዛት ነበረባቸው፤ አብዛኞቹም ሕክምና አልጀመሩም። የአንድ ሰው የቀን ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። «ቀጭን ሰው ስኳር አይዘውም» የሚለውም አነጋገር ስሕተት ነው፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውንና ቀጫጮችን የሚይዘውን የስኳር በሽታ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. አምስተኛ ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል።

አጎቴ በትር ይዘው መራመድ ጀምረዋል። «የታመመች ላም ዐይኗን አይቼ ዐውቃለሁ፤ ይህ ግን ምልክት የለውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የደም ብዛት ካልተለካ አይታወቅም። በድርቁ ጊዜ ለተፈናቀለው ሰው ስንዴና ዘይት ሲታደል፣ በዚያው ሰልፍ ላይ ክንዱን አስሮ የሚለካው አንድ ሰው ቢቆም ምን ከባድ ነገር ነበረው? ይህን ከሚመለከታቸው ሁሉ መጠየቅ ይገባናል። እስከዚያው ግን ወንድሞችና እኅቶች፤ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አባትና እናታችንን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን እናስለካ፤ የሻዩን ስኳርና የወጡን ጨው እንዲቀንሱ እንምከር፤ መድኃኒት የታዘዘለትም «ተሽሎኛል» ብሎ እንዳያቋርጥ እናስረዳ። መለካቱ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው፤ አጎቴ ግን ያን አምስት ደቂቃ ያገኙት ግራ እጃቸው ከሰነፈ በኋላ ነው።