የቁጥር መልክና የቁጥር ዋጋ

ባለፈው ዓመት የክፍላችን 47 ተማሪዎች ወደ ደብረ ሊባኖስ ለጉብኝት ለመሄድ አውቶቡስ ስንከራይ ገንዘብ ያዥ ሆኜ የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ኪራዩ 25,500 ብር ነው። ይህን በኤክሴል ሰንጠረዥ ለ47 አካፈልሁና ሳንቲሙ እንዳይታይ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች ደበቅሁ። በእያንዳንዱ ስም አንጻር 543፥ ከግርጌው ደግሞ ድምር 25,500 የሚል ወጣ። ወረቀቱን ለጠፍሁት፤ ሁሉም 543 ብር ከፈለ። በማግስቱ አንድ ጓደኛችን በእጁ አባዝቶ፥ «47 ጊዜ 543 እኮ 25,521 ነው፤ 21 ብሩ የት ገባ?» ሲል በሰው ፊት ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ሃያ አንድ ብር ትንሽ ገንዘብ ነው፤ የገንዘብ ያዥ ስም ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ስሕተቱ ከየት መጣ? በሰንጠረዥ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሴል ሁለት ነገር አለው፤ ይኸውም ዋጋና መልክ ነው። የእኔ ሴል ዋጋ 542.553191 እያለ የሚቀጥል ቁጥር ነበር። ፎርማት የሚባለው መልኩን ብቻ ለወጠና 543 አስመሰለው። ድምሩ የተሠራው ግን በመልኩ ሳይሆን በዋጋው ነው። የቅኔ መምህር ቢያየው፥ ሰሙ 543፥ ወርቁ 542.55 ነው ባለ ነበር። ተማሪዎቹ የከፈሉት ሰሙን ነው፤ ኮምፒዩተሩ የደመረው ወርቁን።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰው በእጁ የሚከፍለው ገንዘብ ሲሆን መልኩን ብቻ ሳይሆን ዋጋውን ራሱን «ራውንድ» በተባለው ፎርሙላ ማጠጋጋት ይገባል። እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ከግርጌው 25,521 ይጻፍ ነበር፤ ትርፉም ገና ከመጀመሪያው ለሁሉም በታየ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ አንባቢ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሌሎች ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ የመቶኛ ፎርማት ነው። በሴሉ አስቀድሞ 15 ተጽፎ ኋላ ወደ መቶኛ ቢለወጥ 1500% ሆኖ ይታያል፤ ምክንያቱም 15% በዋጋው 0.15 ነው። ስለዚህ የተጨማሪ እሴት ታክስን 15% ለማስላት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፎርማቱን ይምረጥ፤ ከዚያ 15 ብሎ ይጻፍ።

ሁለተኛ፥ በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥር ነው። ኤክሴል ይህን እንደ ተራ ቁጥር ስለሚቆጥረው የፊተኛውን ዜሮ ይጥለዋል። 13 አኃዝ ያለውንም የባንክ ሒሳብ ቁጥር አሳጥሮ ለማንበብ በማያመች መልክ ያሳየዋል። ይህ ሁለተኛው የመልክ ጉዳይ ስለሆነ በፎርማት ይመለሳል። ቁጥሩ ከ15 አኃዝ ሲበልጥ ግን ከ15ኛው ወዲያ ያሉት አኃዞች በዜሮ ይተካሉ፤ ይህ የዋጋ ጥፋት ነውና ማንኛውም ፎርማት አይመልሰውም። የማይደመርና የማይባዛ ቁጥር ሁሉ በእውነቱ ስም እንጂ ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ ከመጻፉ በፊት ሴሉ «ቴክስት» ይደረግ።

ሦስተኛ፥ ቀን ነው። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ በተቆጠረ ቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ለእርሱ 36526 ነው። የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቈጣጠር ስለሆነ፥ ቀን ከወር አስቀድሞ በሚጻፍበት ኮምፒዩተር ጥቅምት 28 ቀን 2016ን 28/2/2016 ብለን ብንጽፍ የፌብሩዋሪ ቀን አድርጎ ይቀበለዋል። 30/2/2016 ብንል ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። በአንድ ዐምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፥ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና በቅደም ተከተል ሲደረደር ይዘበራረቃል። ስለዚህ በእኛ አቈጣጠር ስንጽፍ ቀኑን፥ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዐምድ መለየት ይሻላል።

ለማጠቃለል፥ ፎርማት ልብስ ነው፤ ልብስ ሰውን ያሳምራል እንጂ አይለውጥም። ሰንጠረዥ ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት፥ በወረቀቱ ላይ የሚታየውን ራሱን በእጃችሁ ደምሩት። እኔ ይህን ባለማድረጌ ክፍሉን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ 21 ብሩም ለሾፌሩ ሻይ እንዲሆን ተወሰነ።