ስኖውፍሌክን በቤት ኮምፒውተር ማስኬድ

የተጠቃሚን ማንነት የሚሸፍነው የቶር መረብ በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚወስነው የትኛውን ሥራ እንደሚሸከም ነው። ትራፊኩ ከቶር ወደ ተራው ኢንተርኔት የሚወጣበትን መውጫ ኖድ ከቤት መስመር ላይ አይክፈቱ፤ ሌላ ሰው የሠራው ጥፋት በእርስዎ የአይፒ አድራሻ ይመዘገባል፣ ጠያቂውም እርስዎ ዘንድ ይመጣል። በመሃል ትራፊክ የሚያስተላልፍ ተራ ሪሌይም ቢሆን አድራሻው በይፋ ስለሚዘረዘር አንዳንድ ድረ ገጾች ይዘጉብዎታል። ለቤት የሚስማማው ስኖውፍሌክ ነው፤ በብራውዘር ላይ እንደ ኤክስቴንሽን ይጫናል።

ቶር በታገደበት አገር ያለ ሰው በእርስዎ ብራውዘር አልፎ ወደ ቶር ይገባል። የሚያልፈው የቪዲዮ ጥሪ በሚጠቀምበት በዌብአርቲሲ ስለሆነ ሳንሱር አድራጊው ለይቶ ለማገድ ይቸገራል። መረጃው የተመሰጠረ ነው፤ ሰውየው ምን እንደሚያነብ እርስዎ አያዩም። የጎበኘው ድረ ገጽም የሚያየው የቶርን መውጫ እንጂ የእርስዎን አድራሻ አይደለም።

ዊንዶውስም ሆነ ማክ ወይም ሊኑክስ፣ አሠራሩ አንድ ነው። ፋየርፎክስ፣ ክሮም ወይም ኤጅ ይክፈቱ። ኤክስቴንሽኑን በመደብሩ ውስጥ በስሙ አይፈልጉ፤ ተመሳሳይ ስም ይዞ የሚያታልል አይጠፋም። ወደ ቶር ፕሮጀክት ድረ ገጽ ገብተው እዚያ ባለው ሊንክ ይጫኑት። በቶር ብራውዘር ላይ ግን እንዳይጭኑ።

ሲጨርሱ ምልክቱን ከላይ ባለው አሞሌ ላይ ይሰኩት፤ የበረዶ ቅንጣት ነው። ሲነኩት ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ ማብሪያው መብራቱን ይመልከቱ። ከሥሩ ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ሰው እንደተጠቀመ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሰው ሲገናኝ ምልክቱ አረንጓዴ ይሆናል።

ቁጥሩ ዜሮ ላይ ቢቆይ አይደንግጡ፤ ሰው እስኪመደብልዎ ጊዜ ይወስዳል። በማግስቱም ካልተንቀሳቀሰ ቪፒኤንዎን ያጥፉ፣ ዌብአርቲሲን የሚከለክል ሌላ ኤክስቴንሽን ካለም ያሰናክሉ። የኮምፒውተሩን የእንቅልፍ ቅንብር አይርሱ፤ ብራውዘሩ ሲዘጋ ወይም ማሽኑ ሲተኛ ሥራው ይቆማል። አንዳንድ ራውተር ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት አጥብቆ ይገድባል፤ ያኔ የሚደርስዎት ሰው ይቀንሳል እንጂ ስኖውፍሌኩ አይበላሽም። ለዚህ ሲሉ የራውተሩን ፋየርዎል እንዳያጠፉ።

በጥቅል የተገዛ የሞባይል ዳታ ላይ ላለ ሰው ይህን አልመክርም፤ የሌላው ሰው ትራፊክ ከእርስዎ ሂሳብ ላይ ነው የሚቆረጠው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ባልተገደበ መስመር ለሚኖር ወገን ግን የሚያመካኝበት የለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ግን መጀመሪያ የአገሩን ሕግ ያጣሩ። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የቶር ትራፊክ እየተለየ እንደሚታገድ ቶር ፕሮጀክት አሳውቆ ነበር። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲቋረጥ ግን ስኖውፍሌክ አይፈይድም፤ የሚያልፍበት መስመር ያስፈልገዋል።

ቀን ከሌት የሚበራ የሊኑክስ ማሽን ካለዎት ኤክስቴንሽኑን ትተው ራሱን የቻለውን የስኖውፍሌክ ፕሮክሲ ይጫኑ። ብራውዘር አይፈልግም፤ ዴቢያን 12 ላይ ከስርዓቱ የራሱ ማከማቻ ይገኛል።