እርግማኑ የድንጋዩ ነው ወይስ የእጅ?

በእኛ በልደታ ሰፈር «አልማዝ!» ተብሎ ቢጠራ «አቤት» የምትል እናት ወይም እህት አትጠፋም። ድንጋዩን ግን አብዛኞቻችን ዐይተነው አናውቅም። በወሬ ብቻ የሚታወቅ ነገር ደግሞ ለተረት ይመቻል። ስለሆነም በዛሬው ትምህርታችን ስለ ታወቁት የዓለም አልማዞች የሚነገረውን ተረትና በጽሑፍ የቀረውን ታሪክ ጎን ለጎን እንመለከታለን፤ ከዚያም ወደ ገዛ አገራችን ዘውድ እንመለሳለን። የውጭ አገር ዓመታትን በአውሮፓውያን፥ የአገራችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈናል።

አልማዝ ካርቦን ከተባለው ንጥረ ነገር፥ ከምድር በታች 150 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም በሚበልጥ ጥልቀት፥ በብርቱ ሙቀትና ግፊት የሚፈጠር ድንጋይ ነው። ክብደቱ በካራት ይለካል፤ 5 ካራት 1 ግራም ነው። እንግዲህ ድንጋይ ነውና ክፋትም ደግነትም የለውም። ይህን ይዘን እንቀጥል።

«ሆፕ» የሚባለው ሰማያዊ አልማዝ 45.52 ካራት ማለትም 9 ግራም ያህል ይመዝናል። ተረቱ፥ ታቨርኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ በህንድ ከጣዖት ዐይን ላይ ሰርቆት በእርግማኑ ምክንያት ውሾች ቦጫጭቀው ገደሉት ይላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ታቨርኒዬ ድንጋዩን በ1668 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ሸጠ፤ ከ80 ዓመት በላይ ኖሮም በ1689 በሞስኮ ሞተ። የእርግማኑን ወሬ ያጋነኑት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበሩ ጋዜጦችና ጌጥ ነጋዴዎች ናቸው። ወሬው ዋጋ ያስጨምር ነበርና!

ሁለተኛው «ኮሂኑር» ነው፤ ትርጉሙም «የብርሃን ተራራ» ማለት ነው። ተረቱ፥ ይህን አልማዝ የሚያደርግ ወንድ መከራ ያገኘዋል፤ ሴት ብታደርገው ግን አይጎዳትም ይላል። ታሪኩ ደግሞ እንዲህ ነው። እንግሊዞች በ1849 የፑንጃብን መንግሥት በጦር አሸንፈው ሲይዙ አልማዙ ለንግሥት ቪክቶሪያ እንዲሰጥ በላሆር ውል ላይ አስጻፉ። ያን ጊዜ የፑንጃብ ንጉሥ ዱሊፕ ሲንግ የ10 ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቱም ከእርሱ ተለይታ ተወስዳ ነበር። አልማዙ በ1852 እንደገና ተቆርጦ ከ186 ካራት ወደ 105.6 ካራት ወረደ። ዛሬም ለንደን በሚገኘው ግንብ ውስጥ በዘውድ ላይ ተሰክቶ ይታያል። በተሸነፈ አገር ሕፃን ንጉሥ የፈረመው ውል የፈቃድ ስጦታ ይባላልን? ተረቱ ይህን ጥያቄ አያነሣም። ጥፋቱን ሁሉ በድንጋዩ ላይ ያላክካል፤ የወሰደውም እጅ ይረሳል።

ከላሆር ውል 19 ዓመት ያህል በኋላ ተመሳሳይ ነገር በአገራችን ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት መቅደላን ያዘ፤ አፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹ የመቅደላን ዕቃ ዘረፉ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡንም ወታደሮቹ ተከፋፈሉት። በቦታው የነበረው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወሰደ።

ከዚያ ከተወሰዱት ዕቃዎች መካከል አንድ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ሁለቱም እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በጎንደር ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጧቸው እንደሆኑ ይታመናል። እዚህ ላይ ልብ እንበል! በዘውዱ ላይ ፈርጥ መስለው የሚያብረቀርቁት አልማዝ አይደሉም፤ የብርጭቆ ዶቃዎች ናቸው። እንግዲህ ያ ዘውድ የከበረው በካራት ሳይሆን በሰጪውና በተሰጠበት ቦታ ነው።

ነገር ግን እውነቱን ሳንከፍል ልንናገር ይገባል። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ንብረት መቅደላ የደረሰው በእንግሊዞች እጅ አይደለም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው ያቃጠሉት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በጀግንነታቸው የምንኮራባቸው ንጉሥ ስለሆኑ ይህን ብንዘል፥ እኛም እንደ ጌጥ ነጋዴዎቹ ታሪኩን አሳምረን ሸጥን ማለት ነው። የእኛ ሰው ስሕተት ግን የናፒየርን ጦር ዘረፋ ትክክል አያደርገውም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን እንኳ በ1871 ዘውዱና ጽዋው በመምጣታቸው ማዘናቸውን በምክር ቤት ተናግረዋል። ሙዚየሙ በ2018 ለረጅም ጊዜ በውሰት ሊሰጠን እንደሚችል ገልጿል። የራስን ዕቃ መዋስ!

ከዕቃው ጋር የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስም ተወሰደ። እንደ ዱሊፕ ሲንግ በባዕድ አገር አደገ፤ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። ዐፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልተቀበለውም። የእርግማን ተረት ይህን ልጅ አያውቀውም።

ለመሆኑ ይህ ትምህርት ለዛሬ ምን ይጠቅመናል? ያ ሐራጅ በተካሄደበት በደላንታ፥ በወገልጤና አካባቢ፥ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ተገኝቷል። የእኛ ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች በገደሉ ጎን በእጅ ጉድጓድ እየቆፈሩ ያወጡታል፤ ጉድጓዱ ተደርምሶ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ኦፓልም በአውሮፓ ገደቢስ ነው እየተባለ ይወራበት ነበር። እኛ ግን አንድ ወጣት ናዳ ሲጫነው «ድንጋዩ ገዳይ ነው» ብንል ያለ ድጋፍ የተተወውን ጉድጓድና ርካሽ ዋጋ የከፈለውን ገዢ ነጻ እናወጣለን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ ድንጋዩን የሚያወጣው ወጣት ግን ከሁሉ በላይ ሊቆጠር ይገባዋል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፥ ስለ ከበረ ነገር ስንሰማ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ማን ሠራው ወይም ማን አወጣው? ለማን ተሰጠ? አሁን ወዳለበት እጅ እንዴት ገባ? በሚቀጥለው እሑድ ስንገናኝ፥ በቤታችን ካለ አንድ የአያት ዕቃ ጀምረን እነዚህን ጥያቄዎች እንወያይባቸው።