ምዕራፍ 6፦ ከፊርማው በፊት

ጽሑፍዎ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚያበስረው ኢሜይል ሲደርስዎ አብሮት አንድ የቅጂ መብት ስምምነት ቅጽ ይመጣል። ደስታው ገና ትኩስ ነውና ብዙ ደራሲ ሳያነበው ይፈርማል። ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ውስጥ ረጋ ብሎ መነበብ ያለበት ወረቀት ግን እሱ ነው። አንዳንድ ጆርናሎች እንዲያውም ስምምነቱን ረቂቁ በሚገባበት ገጽ ላይ ያስቀምጡታል፤ ምልክት አድርገው ሲያልፉ ፈረሙ ማለት ነው።

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ለማግኘት ምዝገባ አያስፈልግም። ሥራውን አመንጭተው በጽሑፍ ካሰፈሩት ጊዜ ጀምሮ መብቱ የእርስዎ ነው፤ በሕይወት ዘመንዎና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሕጉ የሚጠብቀው አገላለጹን ነው፤ ሐሳቡንና ግኝቱን አይደለም። ረቂቅ መላክ በራሱ ይህን መብት አያሳጣዎትም።

ቅጹ መብቱን ጠቅልሎ ለአሳታሚው ያስተላልፋል፣ አለዚያም የማሳተም ፈቃድ ብቻ ይሰጣል። ቤት መሸጥና ማከራየት እንደማለት ነው። አስተላልፈው ከሆነ፣ የራስዎን ካርታ በሚቀጥለው መጽሐፍዎ ውስጥ ለማተም አሳታሚውን ደጅ ሊጠኑ ይችላሉ። ፈቃድ ነው ብለውም አይዘናጉ፤ ለአሳታሚው ብቻ የተሰጠ ከሆነ፣ ከገጹ ግርጌ ባለመብት ተብሎ ስምዎ ቢታተምም የመሸጡና የማከፋፈሉ ሥልጣን በእሱ እጅ ነው። ለእኔ ይህ የይስሙላ ባለቤትነት ነው።

«ክሪየቲቭ ኮመንስ ባይ» በተባለው ፈቃድ በሚያትሙ ጆርናሎች ዘንድ መብቱ ብዙውን ጊዜ ከደራሲው ጋር ይቀራል፤ ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ሊያባዛው፣ ሊተረጉመው፣ ሊሸጠውም ይችላል። ችግሩ የማሳተሚያው ክፍያ ነው። ኢትዮጵያ ለአነስተኛ ገቢ አገሮች የምርምር ጽሑፎችን በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ስላለች ብዙ አሳታሚዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ይተዉታል። አንዳንዶቹ ግን ሁሉም ደራሲያን ከእንዲህ ያሉ አገሮች እንዲሆኑ ስለሚጠይቁ፣ ውጭ አገር ያለ ተባባሪ ካለዎት አስቀድመው ይጠይቁ። ጽሑፉን ከተቀበሉ በኋላ የሚመጣን ልመና ብዙዎቹ አይሰሙም።

ገና ከመላክዎ በፊትም፣ የማስተርስ ጥናትዎን ወደ ጆርናል ጽሑፍ ሲያሳጥሩ ከአማካሪዎ ጋር የስም ቅደም ተከተሉን ቀድመው ይስማሙ። በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ ይላኩ። ጽሑፍዎን በሦስት ቀን ገምግሜ ተቀብያለሁ የሚል ጆርናል ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ።

ጓደኛ «ፒዲኤፉን ላክልኝ» ሲል ደግሞ የትኛውን? ለአርታኢው መጀመሪያ የላኩት ረቂቅ፣ ከገምጋሚዎች አስተያየት በኋላ ያረሙት ቅጂ፣ አሳታሚው ገጹን ያሰናዳው የመጨረሻ እትም፤ ሦስቱም የተለያየ ሕግ አላቸው። ብዙ አሳታሚዎች ሁለተኛውን በዩኒቨርሲቲዎ ማከማቻ እንዲያኖሩ ይፈቅዳሉ፤ ለሕዝብ እስኪከፈት ግን 12 ወይም 24 ወር ሊያስጠብቁ ይችላሉ። ይህን ጊዜ ለማሳጠር፣ ጽሑፉን በመጽሐፍ መልሶ ለማተም ወይም ለክፍል ለማባዛት ከፈለጉ፣ ከመፈረምዎ በፊት ለአርታኢው በሁለት መስመር ይጻፉ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቅጹን የሚያሻሽሉ አሉ።

ከሌላ ሰው ሥራ የወሰዱት ፎቶ ወይም ሥዕል ካለም ፈቃዱን በጽሑፍ ይዘው ይምጡ፤ ቅጹ ላይ «የሌላ ሰው መብት አልነካሁም» ብለው የሚፈርሙት እርስዎ እንጂ አሳታሚው አይደለም።